ነፋስ ያጣ ስንዴ

በዚያ ዓመት የበዳዳ ስንዴ ያማረ ነበር። ማሳው የካ ሚካኤል ካለበት ጉብታ ግርጌ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ ዝናብ ሲበዛ ውኃ የሚቋጥር፣ ሲያንስ የሚሰነጠቅ። ያን ክረምት ግን ዝናቡ በልኩ ጥሎ በልኩ ወጣ። ኅዳር ላይ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ አጨደለት፤ ነዶው ታሰረ፣ ተከመረ። ታኅሣሥ ላይ አራት በሬዎቹን አውድማ አስገብቶ አበራየ። ገና ሲደርስ ስንዴው ተወቅቶ፣ ጭዱ ከላዩ ተገፎ፣ ፍሬው ከነእብቁ ቁልል ብሎ ተቀምጦ ነበር።

የቀረው ማዝራት ብቻ ነው፤ በመንሽ ወደ ላይ እየበተኑ እብቁን ለነፋስ፣ ፍሬውን ለመሬት መስጠት። ነፋሱ ግን አልመጣም።

"ነገ ይመጣል" አለ በዳዳ በመጀመሪያው ቀን። በማግስቱም "ነገ" አለ። ከዚያ በኋላ ነገ ማለቱንም ተወው። ጠዋት ጠዋት ክምሩ አጠገብ ቆሞ አንድ እፍኝ ወደ ላይ ይወረውራል፤ እብቁም ፍሬውም አንድ ላይ እግሩ ሥር ሲወርድ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሚስቱ ጂቱ ነገሩ እንደሚመጣ አስቀድማ አውቃ ነበር። አሮጌው አውድማ ሜዳው ላይ፣ ከየአቅጣጫው ነፋስ የሚያገኘው ነበር። በዳዳ ግን "ለቤት ይቅረብ፣ ጭዱን ለማጋዝም ይመቻል" ብሎ አዲሱን ወንዝ ዳር፣ በወይራ ዛፎች መካከል ባለች ጎድጓዳ ሥፍራ አበጀው። በእበት ለቅልቆ እንደ ገበታ አሳመረው። አሮጌውን አርሶ ሽምብራ ዘራበት። ያን ጊዜ ጂቱ "ይህች ጉድጓድ ለጥላ እንጂ ለነፋስ አትሆንም" ብላው ነበር። አሁን አላስታወሰችውም። እሱ ራሱ ማስታወሱን ከአንገቱ አቀማመጥ ታውቃለች።

ጭንቀቱ የእህሉ መዘግየት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ዲንቄ፣ ጥር ሲገባደድ ትዳራለች። የሚያገባት አካሉ ይባላል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚኖሩት የቄሱ የመምሬ ዓምደ ሚካኤል ልጅ ነው። ለሠርጉ ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ደግሞ ሌላ የትም የለም፤ ያው ከእብቁ ጋር ተቃቅፎ የተቀመጠው ነው።

ጂቱና ዲንቄ በሰፌድ ሞከሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብለው ሲያነፍሱ ዋሉ። ሲመሽ ዲንቄ ክንዷን ማንሳት አቃታት፤ እናቷም ወገቧን ይዛ በእንጨት ተደግፋ ተነሣች። ያነፈሱት ስንዴ አንዲት ትንሽ ስልቻ እንኳ አልሞላም። ክምሩን ዞር ብለው ቢያዩት ምንም የተነካ አይመስልም።

"እማዬ፣ እንዲህ ከሆነማ የምዳረው ለከርሞ ነው" አለች ዲንቄ።

"ዝም በይ፣ ልጄ። ከርሞም ነፋስ ከሌለስ?" አለችና እናቷ ሳቀች፤ ዲንቄም ሳቀች።

በዳዳ ግን አልሳቀም። የወንዙ ማዶ ጎረቤቱ ፉፋ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ፉፋ ሦስት አህዮች ያሉት፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"በፉጨት ጥራው እንጂ፤ አባቴ ሲያፏጭ ነፋስ ይመጣ ነበር" አለው።

"ከንፈሬ እስኪላጥ አፏጨሁ። የመጣው የአንተ ውሻ ብቻ ነው" አለ በዳዳ።

ያን ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ ጂቱ እጇን ታጥባ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"የዲንቄ አባት" አለችው፣ "ነፋሱ እኛ ዘንድ ካልመጣ እኛ እንሂድበት።"

"የት?"

"እንጦጦ ላይ። እዚያ ነፋስ ጠፍቶ አያውቅም። እንጨት ልለቅም ስወጣ ጭራሮው እንኳ ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል።"

በዳዳ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። "ያልነፃ እህል አሸክሜ የዲንቄ አማቶች ደጅ ልወጣ? 'እህሉን ሳያስገባ ልጁን ይድራል' ይበሉኝ? ከበበ እኮ የበዳዳ እህል ጎተራ ገብቷል ብሎ ነግሯቸዋል።"

ከበበ ጋብቻውን ያስማማው ሽማግሌ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ ከርሞ፣ አንዱን ቤት ለሌላው ሲያሞግስ ምላሱ የማይደክመው ሰው ነበር።

"እሱ ምን ብሎ አወቀ? ጎተራችንን ገብቶ አይቷል?"

"እኔ እንጃ። ሽማግሌ አይደል፣ ይናገራል። እነሱ ደግሞ ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው፣ እህላቸው በጊዜው የሚወቃ ሰዎች ናቸው። እኔ እዚያ እብቅ ተሸክሜ አልቆምም።"

ጂቱም "ከእነሱ ቤት በላይ፣ ከጥዶቹ ጀርባ አንድ አሮጌ አውድማ አለ" አለች። "ባለቤቱ ንጉሡ ከተማቸውን እዚያ ባደረጉ ጊዜ መሬቱን ትቶ ወደ ቡልጋ ዘመዶቹ ሄዷል። አሁን የሚነካው የለም። በወንዙ ሸለቆ ከወጣን የሚያየንም የለም። ጠዋት ወጥተን ማታ የነፃውን ስንዴ ይዘን እንወርዳለን።"

"ማንም አያየንም?"

"ቆቅና ጉሬዛ ካልሆነ ማን ያየናል?"

በዳዳ ጉርሻውን እንደገና አነሣ። ጂቱም ነገሩ እንዳለቀ ገባት።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እህሉን ከነእብቁ አቅማዳና ስልቻ ውስጥ ሲሞሉ ዋሉ። እብቅ ቀላል ነው እንጂ ቦታ ይፈጃል፤ የበዳዳ ስልቻ አልበቃ ብሎ የፉፋን፣ ቀጥሎም የፉፋ እናት ቤት የነበረውን ሁሉ አመጡ። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። የበዳዳ ሁለት አህዮችና የፉፋ ሦስት ተጫኑ። ቤት የሚቀር ሰው ስላልነበረ በሬዎቹን የሚጠብቅ ጠፋ።

"ይምጡ" አለች ጂቱ። "እዚያ ላይ ሣር አለ፤ ሲግጡ ይዋሉ።"

እንዲህ ሆነና አራቱም በሬዎች ከአህዮቹ ኋላ ተነዱ። ፊት የሚመራው ቦራ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ትልቅ፣ ሆዳም በሬ።

ዳገቱ ከባድ ነው። የወንዙ ሸለቆ እየጠበበ ሲሄድ መንገዱ በድንጋይ ላይ ይወጣል፤ ኮሶውና ጥዱ ከላይ ገጥሞ ጨለም ያደርገዋል። አህያ ሲቆም ፉፋ ይሳደባል፣ አህያ ሲሄድ ፉፋ ያመሰግናል። ዲንቄ ከኋላ በሬዎቹን እየነዳች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ትወጣለች። ገና ከግማሽ ሳያልፉ በዳዳ ቆመ፤ ላቡን ለመጥረግ ግንባሩን ሲያዞር ጉንጩ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማው።

"ነፋስ!" አለ፤ ልጅ የጠፋ መጫወቻውን ሲያገኝ እንደሚለው።

"ነፋስ ነው እንግዲህ" አለች ጂቱ።

ወደ ጫፉ ሲቃረቡ አንድ ድምፅ ሰሙ፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ የሚል። በዳዳ እጁን አንሥቶ ሁሉንም አስቆማቸው።

"እንጨት ቆራጭ ነው" አለ ፉፋ። "ለንጉሡ ከተማ ቤት መሥሪያ።"

"መጥረቢያ እንዲህ አይጮህም" አለች ጂቱ።

እንመለስ እንዳይሉ አህዮቹ መመለሻ የላቸውም፤ መንገዱ ጠባብ ነው። ወደፊት ሄዱ። ከጥዶቹ ሲወጡ አውድማው ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ሰው ግን ነበረበት። አንድ ሽማግሌ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ በረጅም ዱላ የገብስ ነዶ ይደበድባሉ። አንዲት ሴት ነዶውን ታገላብጣለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በሌላ በኩል ዱላውን እያነሣ ይጥላል። የሽማግሌው ጢም ገለባ ሞልቶበታል።

መምሬ ዓምደ ሚካኤል፣ ሚስታቸው ወለተማርያምና ልጃቸው አካሉ ነበሩ።

ዱላው አየር ላይ ቆመ። በዳዳ የአህያውን ገመድ እንደያዘ ቀረ። መምሬ እጃቸው ወደ ጥምጥማቸው ሄደ፣ አልደረሰም፣ ተመለሰ። ዲንቄ ከቦራ ጎን ተለጥፋ ተሰወረች፤ አካሉም የሚያይበትን አጥቶ መሬት መሬት አየ።

"እንደምን አደራችሁ" አሉ መምሬ በመጨረሻ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንደምን አደራችሁ፣ አባታችን" አለ በዳዳ። ቀጥሎም "በረከት ይግባበት" አለ፣ ገብሱን እያየ።

"አሜን" አሉ መምሬ። እሳቸውም አህዮቹን አዩ፤ ከስልቻው ቀዳዳ እየተነነ የሚወጣውን እብቅ አዩ። "ይህ... ዘር ነው?"

"ስንዴ ነው።"

"ጎተራ የገባው?"

በዳዳ የአህያውን ገመድ ለቀቀ። ከዚያ "ያልገባው" አለ። "አውድማዬ ነፋስ ነሣኝ። እዚህ ማንም አያየንም ብለን ነው የመጣነው።"

ወለተማርያም የያዘችውን ነዶ ጣለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰላቸው። ጂቱ ልትደግፋት ጠጋ ስትል ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች።

"እኛም እኮ!" አለች። "እኛም ማንም አያየንም ብለን ነው! ይኸው ነዶ በሸክም እያጋዝን በዱላ ስንወቃ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ቤታችን አጠገብ ብንወቃ 'በሬያቸው የት ሄደ' እንባላለን ብለን!"

"አንቺ ሴት" አሉ መምሬ፤ ግን ዘግይተው ነበር።

"በሬዎቹስ የት ሄዱ?" አለ በዳዳ። "ሁለት ጥማድ በሬ አላቸው ተብሎ አልነበር?"

"ማን ነው ያለው?"

"ከበበ።"

መምሬ ዱላቸውን ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ልጄ፣ እኔ የነበረኝ አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቴ ጋር መቀናጆ እያቀናጀን ነበር የምናርሰው። ኅዳር ላይ ገደል ገባና እግሩ ተሰበረ፤ አርደን ተካፈልነው። የሰፈሩ በሬ ሁሉ በየአውድማው ነው፤ ተራ ጠብቅ ብባል ሠርጉ ያልፋል፣ ለጠላው ብቅል አይደርስም። ሁለት ጥማድ! ከበበን እግዚአብሔር ይየው።"

ፉፋ ከአህዮቹ መካከል "እኔንም መቶ አህያ አለው ብሎ ድሮኝ ነበር፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ ትቆጥራለች" አለ። ያን ጊዜ መምሬም ሳቁ። ሲስቁ ጢማቸው ላይ ያለው ገለባ ረገፈ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላማከረም። አካሉ ሄዶ ነዶውን ሁሉ ፈትቶ አውድማው መካከል በተነው። በዳዳ በሬዎቹን አስገባ። ቦራ የገብሱ ሽታ ገና ሲደርሰው ጆሮውን አቆመ። አራቱን ጎን ለጎን አሰልፈው ማዞር ጀመሩ፤ ስንዴውን ደግሞ በታች በኩል፣ እብቁ ወደ ገደሉ እንዲሄድ፣ ቁርበት አንጥፈው አፈሰሱት።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ በረታ። ከላይ ከእንጦጦ ጫፍ ቀጥ ብሎ እየወረደ፣ ጥዱን እያስፏጨ መጣ። በዳዳ መንሹን ጨብጦ የመጀመሪያውን ወረወረ። ፍሬው በቀጥታ ወረደ፤ እብቁ እንደ ጭስ ተነሥቶ፣ ፀሐይ አግኝቶ፣ ከገደሉ በላይ ሄደ። በዳዳ እጁን ዘርግቶ የወረደውን ስንዴ በመዳፉ ተቀበለ። ንፁሕ ነበር። ለሚስቱም አሳያት። ጂቱም አንዷን ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ሰበረቻትና "ደርቋል፣ ጥሩ ነው" አለችው።

መምሬም የእንጨት ማዝሪያቸውን፣ ላይዳውን፣ አንሥተው ከበዳዳ ጎን ቆሙ። አንዱ ሲወረውር ሌላው ይጎነበሳል። ጂቱና ወለተማርያም በቅጠል መጥረጊያ ከፍሬው ላይ የሚቀረውን ገለባ ይጠርጋሉ፤ ሲጠርጉም ስለ ድግሱ፣ ስለ ጌሾው፣ ስንት ሰው ከየት እንደሚመጣ ያወራሉ። አማርኛው ሲያጥር ኦሮምኛ ይገባበታል፤ ሁለቱም ሁለቱንም ያውቃሉ። ፉፋ በሬዎቹን ከአካሉ ጋር እየነዳ ያዜማል፦

"ዙር በሬዬ ዙር፣ አድቅቀህ አሳምረው፣
ገለባው ያንተ ነው፣ ፍሬው የሙሽራው።"

"ሙሽራው" በሚለው ላይ ድምፁን እያስረዘመ አካሉን በክርኑ ይጎሽመዋል። አካሉ ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል። ዲንቄ ስልቻ ስትይዝ፣ ቁርበት ስትጎትት ነጠላዋን ከፊቷ አላነሣችም። ግን ነፋስ ነው፤ ነጠላ የሚያከብር ነፋስ የለም። አንድ ጊዜ ከላይ ገፎ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። አካሉ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። ሲታጩ በሽማግሌ ቃል እንጂ በዓይን አልተያዩም ነበርና፣ ቆሞ ቀረ። ዲንቄም ለመሸፈን አልቸኮለችም።

በሬ ነጂ ሲቆም በሬ አይቆምም። ቦራ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከሰልፉ ተገንጥሎ ወጣ። ያኔ ከተወቃው ገብስ የመጀመሪያው ዙር ተዘርቶ በአንድ ጎን ተከምሯል፤ ከነፃው ስንዴ ጋር በአንድ እርምጃ ነበር የሚለያየው። በሬው በገብሱ ላይ ዘሎ፣ በስንዴው መካከል ገብቶ፣ አፉን ሞልቶ ቆመ። ለማውጣት ሲታገሉት በኋላ እግሩ ቆፍሮ የአንዱን ክምር ዳር ወደ ሌላው ጫረው።

"አካሉ!" አሉ መምሬ። "ዓይንህ የት ነበር?"

ማንም እንዲመልስላቸው አልጠበቁም።

ክምሮቹን ለዩዋቸው። አብዛኛው ተረፈ። በመካከል ግን ከአንድ አቅማዳ የማያንስ ስንዴና ገብስ ተደባልቆ ቀረ፤ ሰፌድም ወንፊትም የማይለየው። የቀኑ ብቸኛ ጭቅጭቅ በእሱ ላይ ተነሣ።

"እርስዎ ይውሰዱት" አለ በዳዳ። "በሬው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።"

"የነዳው ልጄ ነው፤ አንተ ውሰደው" አሉ መምሬ።

"አባታችን፣ በሞቴ።"

"አይሆንም። በሬህ ገብሴን ወቅቶልኝ እህልህን ልቀማ? እግዜር ምን ይለኛል?"

"እኔስ በአውድማዎ ነፋስ አግኝቼ—"

"አውድማው የእኔ አይደለም!"

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ሁለቱም ደክሟቸዋል፤ ሁለቱም ለመስጠት ነበር የሚቆጡት። ጂቱና ወለተማርያም ተያዩ። ያን ጊዜ ከቁርበቱ ማዶ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"ለእኛ ስጡን።"

ዲንቄ ነበረች። ሁሉም ዞሩ። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ "ለዘር" አለች።

"እኛ ማን?" አለ ፉፋ፤ ወለተማርያም ግን በገለባ መታችው።

"የተደባለቀ ዘር ማን ይዘራል?" አለ በዳዳ ለልጁ።

"እኔ እዘራዋለሁ" አለ አካሉ። ቀኑን ሙሉ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። "አባቴ ከቤታችን በታች የሰጠኝ ጠባብ መሬት አለ። የመጣውን እናያለን።"

መምሬ ላይዳውን መሬት ላይ አኖሩ። "በል እንግዲህ፣ ስጣቸው" አሉት ለበዳዳ።

"እርስዎ ይስጧቸው እንጂ" አለ በዳዳ። አሁንም ሊጀመር ሲል ጂቱ ራሷ አቅማዳውን ከፍታ እህሉን በእጇ እየጠረገች አስገባችበት፤ አፉን አስራ ከአካሉ እግር ሥር አስቀመጠችው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሥራው አለቀ። ስንዴው በበዳዳ አህዮች ላይ ተጫነ፤ ገብሱም በየስልቻው ተሞላ፣ በፉፋ አህዮች ላይ ተጭኖ እስከ ቄሱ ቤት ሄደ፤ አሁን ከሰው መደበቁ ቀርቶ በዋናው መንገድ ነበር የሄዱት። ወለተማርያም ያለፈው ቀን ዳቦና ኑግ አቀረበች፤ ቆመው በሉ፣ ጠላም ጠጡ። የሚሄዱበት ጊዜ ሲደርስ መምሬ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸው። በዳዳ ሲሳለም ጎንበስ እንዳለ "ለከርሞ እርሻ ቦራን ላምጣልዎ? ከጎረቤትዎ በሬ ጋር ያቀናጁታል" አላቸው።

"ያ ሆዳም?" አሉ መምሬ። "አምጣው፤ ግን የዘራሁት ከበቀለ በኋላ እንዳይሆን።"

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባማረ ቀን ሆነ። ዳቦው ከታች ወጣ፣ ጠላው ከላይ ወረደ፤ የሰው ብዛት ዳሱን አስጨነቀው። ዲንቄ በበቅሎ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ጂቱ እስከ ወንዙ ሸኝታ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በወንዙ ውኃ ታጥባ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

ሰኔ ላይ አካሉና ዲንቄ የተደባለቀውን ዘር ዘሩት። ገብሱ ቀድሞ ነጣ፣ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት ማጭድ ይዘው ጎን ለጎን ገብተው፣ የደረሰውን የገብስ ዛላ ብቻ እየመረጡ አንድ በአንድ ቆረጡት። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ሌላ ገበሬ ቢያይ ይስቅባቸዋል። እነሱ ግን አልቸኮሉም። ዲንቄ ከአንዱ ዳር፣ አካሉ ከሌላው ዳር ይጀምራሉ፤ ሲገናኙም ጥቂት ተቀምጠው ከታች ያለውን የየካን ሜዳ ያያሉ፣ የበዳዳ ቤት ጭስ የትኛው እንደሆነ እየተከራከሩ።